ዕድሜ ሲገፋ በአዳማ መንገዶች ላይ በሰላም እንዴት ይነዳል?

አዳማ ውስጥ ሰባ ዓመት አልፏቸው ከብዙ ጎረምሳ በተሻለ የሚነዱ አባቶችና እናቶች አሉ። አይሽቀዳደሙም፣ ጥሩምባ አያበዙም፣ እግረኛ ያሳልፋሉ። ስለዚህ «ዕድሜህ ገፍቷል፣ ቁልፉን አምጣ» የሚባለውን ነገር አልደግፍም። ልምድ ግን የደከመ ዓይን አያድስም፣ የደረቀ አንገትም አያላላም። ሰውነት ሲለወጥ አነዳዱም አብሮ መለወጥ አለበት። በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን በልተውና ምን መድኃኒት ወስደው እንደሚነዱ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ። እንዲህ ይጀምሩ።

1. ዓይንዎን በደንብ ይታዩ

መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ብዙ ሰው እንደ ፎርማሊቲ ያየዋል። የዓይን መለኪያ ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ወዴት እንደዞረ ይናገራል፣ ቅጹ ይፈረማል፣ አለቀ። እባክዎ እንደዚያ አያድርጉት። ሰሌዳው የሚለካው በጥሩ ብርሃን የቆመ ነገር ማየትዎን ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ፀሐይ አለ፣ የማታ መብራት አለ፣ ከጎን ዘው የሚል ባጃጅ አለ።

በስድሳ ዓመት ዕድሜ ወደ ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በሃያ ዓመት ጊዜ ከነበረው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ብሌኑ ይጠባል፣ ሌንሱም እየደበዘዘና ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ማታ መንገዱ ድሮ ከነበረው የጨለመ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት የመጣ መኪና ረጅም መብራት ከለቀቀብዎ በኋላም ዓይንዎ ወደ ልኩ እስኪመለስ ከድሮው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ላይ ሁለት በሽታዎች አሉ። አንዱ የዓይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በእሱ ነበር። ደስ የሚለው ነገር በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የመኪና መብራት ዙሪያውን ተበታትኖ ከታየዎት ይጠርጥሩት። ሁለተኛው ግላኮማ ነው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አይቆረቁርም። የዳር እይታን ቀስ በቀስ ይበላል፤ መሀሉ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰውየው አይነቃም። «ይሄ ባጃጅ ከየት መጣ?» ማለት ካዘወተሩ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የዓይን ግፊትዎ ይለካ፣ የዳር እይታዎም ይታይ።

በራስዎ የሚሞከር ቀላል ነገርም አለ። እንግሊዝ አገር አሽከርካሪ በቀን ብርሃን የመኪና ታርጋ ከ20 ሜትር ላይ ማንበብ አለበት። ይህ በተራ እርምጃ ከ25 እስከ 30 እርምጃ ነው። ሰፈር ውስጥ በቆመ መኪና ይሞክሩት፤ መነጽር ካለዎት አድርገው። ቁጥሩ ከተደባለቀብዎ ዓይንዎን አጥብበው ደግመው አይታገሉ፤ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይያዙ።

2. መድኃኒቱንና ጾሙን ያስቡበት

ይህ ነገር ብዙ አይወራም፤ እኔን ግን በጣም ያሳስበኛል። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊበንክላማይድ የሚውጡ ብዙ አረጋውያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። በረመዳን የሚጾሙም አሉ። መድኃኒት ተወስዶ ምግብ ካልተበላ ስኳር ይወርዳል። መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ይመጣል። ከዚያ ግራ መጋባት ይከተላል። ክፉው ነገር ግራ የተጋባ ሰው ግራ መጋባቱን አለማወቁ ነው። መሪ ይዞ እዚህ ላይ መድረስ ሞት ነው።

ስለዚህ ከጾሙ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኗቸው ሼህም ሕመምዎን ይንገሩ። በጾም ሰዓት መንዳት ካለብዎ ጠዋት ይጨርሱት። መኪናው ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። ምልክቱ ከጀመረዎት ዳር ይዘው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ስኳሩን ይውሰዱ። ስኳርዎ ከተስተካከለ በኋላም ጭንቅላትዎ እስኪጠራ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቆዩ።

የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒንም አይናቁ። ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል። ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዚፓምና ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እንደዚሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቀየር ወይም መጠኑ ሲጨምር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባይነዱ ይሻላል፤ ብድግ ሲሉ ሊያዞርዎት ይችላል። ፋርማሲ ሲሄዱ «ይህን ወስጄ መኪና መንዳት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ነጻ ነው።

3. እግርና አንገትዎን ይፈትሹ

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ ፈተና አለ። 3 ሜትር ይለኩ። ፈጠን ብለው ሄደው፣ ዞረው ይመለሱ፤ ሰው ሰዓት ይያዝልዎ። ከ9 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግርዎ ፍሬን ላይ በፍጥነት ላይደርስ ይችላል። ውጤቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ለአንገት የልጅ ልጅዎን ይጥሩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ። ልጁ ከመኪናው ኋላ በግራ ጥግ፣ ቀጥሎ በቀኝ ጥግ ይቁምና ጣቶቹን ያንሳ። ዞረው ስንት ጣት እንዳነሳ ይንገሩት። ካልቻሉ ወደ ኋላ ሲነዱና መስመር ሲቀይሩ የማይታይዎት ቦታ አለ ማለት ነው። አንገትን በየጠዋቱ ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ይረዳል። ስፖኪዮ ማስተካከልም ሌላው መፍትሔ ነው።

4. ወንበርና ስፖኪዮ

ደረትዎና መሪው መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅር። መንገዱን በመሪው ክብ ውስጥ እያዩ ከሆነ ወንበሩን ከፍ ያድርጉ፤ ጠንካራ ትራስም ይሆናል። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። በዚህ ዕድሜ የጎድን አጥንት በትንሽ ግጭት ይሰበራል።

የግራውን ስፖኪዮ ሲያስተካክሉ ጭንቅላትዎን ወደ ግራ መስኮት ያስጠጉ። የራስዎ መኪና ጎን ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ ወደ ውጭ ይክፈቱት። ለቀኙ ወደ መሀል ዘንበል ብለው እንደዚያው ያድርጉ። ቀና ሲሉ የራስዎ መኪና አይታይዎትም፤ በእሱ ፋንታ ጎንዎ ያለው ባጃጅ ይታያል።

ነጠላ ጫማ አድርገው አይንዱ። እግር ያንሸራትታል፣ ፔዳል ሥርም ይሰነቀራል።

አዳማ ነፋሻ ነች፣ አቧራውም አይቀርም። የፊት መስታወቱን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይጥረጉ። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል በመስታወቱ ላይ ያለው ስስ አቧራ ነጭ መጋረጃ ይሆንና ፊት ለፊት ያለው ሰው ይጠፋል።

5. ሰዓትና መንገድ ይምረጡ

ሥራዎን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ። የትምህርት ቤትና የሥራ መግቢያ ግርግር ቀለል ብሏል፣ ሙቀቱ ገና አልበረታም፣ ፀሐይም ከፍ ብላለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አለመንዳት ጥሩ ልማድ ነው። በእኛ አገር ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ አቅጣጫውን ያስቡ። አዲስ አበባ ከአዳማ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ነች። ጠዋት ከአዳማ ሲነሱ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ መሽቶብኛል ብለው ወደዚያ ሲነዱ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገጥምዎታለች። ጠዋት ሄዶ 9 ሰዓት ገደማ መመለስ ዓይንን ያሳርፋል፣ ሳይጨልምም ያስገባል።

ከፈጣን መንገዱና ከአሮጌው መንገድ የቱ ይሻላል? እኔ ለአረጋዊ አሽከርካሪ ፈጣን መንገዱን እመርጣለሁ። በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ጋሪ፣ እንስሳ፣ እግረኛና ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ይደባለቅበታል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የክፍያ መንገድ ላይ የሁለቱ አቅጣጫ መኪኖች አይገናኙም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳሉ። ምላሽዎ በአንድ ሰከንድ ከዘገየ ፍሬን ሳይነኩ 33 ሜትር አለፉ ማለት ነው። በ50 ከሆነ 14 ሜትር ነው። የቀኙን መስመር ይያዙ፣ ከፊትዎ ካለው መኪና የ4 ሰከንድ ርቀት ይተዉ። ፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩ፤ እርስዎ እዚያ ሲደርሱ አራት መሙላት አለበት።

ከተማ ውስጥ የሚከብደው ወደ ግራ መታጠፍ ነው። የአረጋውያን ግጭት በብዙ አገሮች የሚበዛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ከፊት የሚመጣውን ፍጥነት መገመት፣ እግረኛ ማየት፣ ባጃጅ መጠበቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። በፖስታ ቤት ወይም በፍራንኮ አካባቢ ግርግር ሲሆን ወደ ግራ አይታጠፉ። አልፈው ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ ያው ቦታ ይደርሳሉ። ከኋላ የሚያንባርቅ ካለ ያንባርቅ። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚበዙበትን መውጫም ከቻሉ ይሽሹት።

6. ለልጆች

አባትዎን እንግዳ ፊት «ከእንግዲህ አትነዳም» አይበሉ። ክብር ይነካል፣ ወሬውም እዚያው ይዘጋል። አንድ ቀን አብረው ይሂዱ፤ እሳቸው ይንዱ፣ እርስዎ ጎን ተቀምጠው ዝም ብለው ይመልከቱ። ሲመለሱ ያዩትን ብቻ ይንገሩ፦ «አባዬ፣ አደባባዩ ላይ ሞተር ሳይክሉን ያየኸው ዘግይተህ መሰለኝ። ዓይንህን እንታይ፣ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።» ከነቀፋ ይልቅ አብሮ መሄድ ይሰማል።

መኪናው ላይ አዲስ ጭረት መብዛቱ፣ የለመዱት ሰፈር ውስጥ መጥፋት፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ መምታታት፣ ይህ ሁሉ ቀጠሮ የማይሰጠው ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንዴም ከታዩ ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ መንዳት ይቁም። ጃፓን ውስጥ 75 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃዱን ሲያድስ የማስታወስ ምርመራ ያደርጋል። እኛም በራሳችን ፈቃድ ብናደርገው ማን ይከለክለናል?

መንዳት ከቆመ ደግሞ መውጣት አብሮ መቆም የለበትም። ቤት መቀመጥ ሽማግሌን ያደክማል። ሰፈር ውስጥ የሚታወቅ፣ ረጋ ያለ የባጃጅ ሹፌር ይምረጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን፣ የገበያውን፣ የእድሩንና የክሊኒኩን ቀን ይንገሩት፣ በወር ዋጋ ይነጋገሩ። ለነዳጅ፣ ለጎማና ለኢንሹራንስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ስልክ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈው ቤት ስልኩ አጠገብ ይለጥፉ፤ እሱ የማይመጣበት ቀን ስለሚኖር የሁለተኛ ሹፌር ቁጥርም ከሥሩ ይጨምሩ።