ሁለት ቡድኖችን በቲ-ቴስት ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቲ-ቴስትን፣ ማለትም የሁለት አማካዮች ልዩነት ከአጋጣሚ የዘለለ መሆኑን የሚፈትሸውን ዘዴ፣ ማስላት ዛሬ ሶፍትዌሩ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሰው የሚሳሳተው ከስሌቱ በፊት ወይም በኋላ ነው።

ነጻ ያልሆነን (አንዱ ልኬት ከሌላው ጋር የተያያዘበትን) መረጃ እንደ ነጻ መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እነዚያው ሰዎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ከተለኩ፣ በእጅዎ ያለው ጥንድ ልኬት እንጂ ሁለት ቡድን አይደለም፤ የሚያስፈልገውም ፔርድ ቲ-ቴስት ነው። ሌላው የዚህ ስህተት መልክ ለማየት ይከብዳል። አንዱን ክፍል በአዲስ ዘዴ፣ ሌላውን በነባሩ አስተምረው ከየክፍሉ 40 ተማሪ ቢፈትኑ፣ 80 ነጻ ምልከታ ያለዎት ይመስላል። ዘዴው የተመደበው ግን ለክፍሉ እንጂ ለተማሪው አይደለም። ልዩነቱ የዘዴው ይሁን የመምህሩ መለየት አይቻልም፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ይህን የሚያቃና ቀመር የለም።

የተሳሳተውን ቁጥር ማንበብ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በሚያወጣው ሰንጠረዥ ላይ ከግራ መጀመሪያ የሚያገኙት «ሲግ» የሌቪን ቴስት ነው። የሚናገረው ስለ ቫሪያንሶቹ (የየቡድኑ መረጃ የመበታተን መጠን) መመሳሰል እንጂ ስለ አማካዮቹ አይደለም። የእርስዎ መልስ ከቲ እና ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ዓምዶች ቀጥሎ ያለው ባለሁለት ወገን (two-sided) ፒ-ቫልዩ ነው፤ ይህም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል ነው።

ቫሪያንሶቹ እኩል ናቸው ብሎ ማለፍ። አንዱ ቡድን 10 ሰው ኖሮት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት) 20፣ ሌላው 40 ሰው ኖሮት 8 ይሁን፤ በአማካዮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 10 ነጥብ። የተለመደው ቲ-ቴስት የቲ ዋጋ 2.51 ይሰጥዎታል፤ ፒ-ቫልዩው ከ0.02 በታች፣ ማለትም ከተለመደው የ0.05 ወሰን በታች፣ ስለሆነ «ጉልህ ልዩነት አለ» ብለው ይጽፋሉ። ቫሪያንሶቹ እኩል እንዲሆኑ በማይጠይቀው የቲ-ቴስት ዓይነት፣ በዌልች ቴስት፣ ሲሰላ ግን ቲ ወደ 1.55 ይወርዳል፣ ፒ-ቫልዩውም 0.15 ገደማ ይሆናል። መረጃው ያው፣ ድምዳሜው ተቃራኒ! ትንሹ ቡድን በጣም የተበታተነ ሲሆን የተለመደው ስሌት ያታልላል። በእኔ እምነት ሌቪንን ሳይጠብቁ ሁልጊዜ ዌልችን መጠቀም ይሻላል። አር የተባለው ሶፍትዌር ካልከለከሉት በራሱ የሚያሰላው ዌልችን ነው፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይብረሪ የሆነው ሳይፓይ ግን ካላዘዙት እኩል ቫሪያንስን ይወስዳል።

«ጉልህ አይደለም»ን «እኩል ናቸው» ብሎ መተርጎም። ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በለጠ ማለት ልዩነት መኖሩን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ሰፊ ልዩነትም ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ የልዩነቱን መጠን ከ95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለው ግምታዊ ክልል) ጋር ይጻፉ።

ደጋግሞ መፈተን። ምንም ልዩነት በሌለበት 20 ነጻ ፈተናዎችን በ0.05 ቢያካሂዱ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» የመሆን ዕድሉ 64% ነው። ጉልህ የሆነውን ብቻ መርጦ ሪፖርት ማድረግ አንባቢን ማሳሳት ነው።

«ናሙናው ከ30 ካነሰ ቲ-ቴስት አይሠራም» ማለት። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም መነሻውን ያሳተመው ለትናንሽ ናሙናዎች አስቦ ነው። ናሙናው ሲያንስ ሊያሳስብዎት የሚገባው የመረጃው ቅርጽና ከሌሎቹ ርቀው የወጡ እሴቶች ናቸው፤ እነዚህንም በየቡድኑ ለየብቻ ይመልከቱ እንጂ ሁለቱን ቀላቅለው አይደለም።