የጡረታና የስንብት ክፍያ ክርክር፦ የጎንደር ሠራተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ በሆቴል፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በክሊኒክና በጋራዥ ተቀጥሮ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። ያለፉት ዓመታት በተለይ ለሆቴልና ለአስጎብኚ ሠራተኛው ከባድ ነበሩ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት። እንግዳ ሲጠፋ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ የጡረታና የስንብት ጥያቄ ይነሳል። ብዙ ሰው ስለ ጡረታው ማሰብ የሚጀምረው ከሥራ በወጣ ማግስት ነው። ያኔ ሊስተካከል የሚችለው ጥቂት ነው።

የድሮውን ሕግ ይዞ መከራከር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ሲጀመር የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነበር። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም 1156/2011 ሆኗል። አቤቱታ የሚጽፍላችሁ ሰው የትኛውን እንደጠቀሰ ተመልከቱ።

ፔሮል ላይ ስለተቆረጠ ገቢ ሆኗል ብሎ መተማመን። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ መሆን አለበት። ፔሮሉ የሚያሳየው የተቆረጠውን ብቻ ነው፤ ገቢ መደረጉን አያረጋግጥም። አሠሪው ሳይቆርጥ ቢቀር እንኳ ሕጉ ዕዳውን በራሱ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ሥራ ላይ እያላችሁ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ፣ በስማችሁ ምን እንደተመዘገበ ጠይቁ። የደመወዝ ወረቀታችሁንም አትጣሉ። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ያ ወረቀት ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ደመወዝን በአበል መሸንሸን። ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ሠራተኛው ራሱ ደስ ብሎት ይፈርምበታልና። የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። አበል አይገባበትም። አንድ መምህር ቀድሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረበትን ጨምሮ 18 ዓመት አገልግሏል እንበል። አሁን በግል ትምህርት ቤት በወር 9,000 ብር ያገኛል። ውሉ ላይ ግን 6,000 ደመወዝ፣ 3,000 አበል ተብሎ ተጽፏል። በየወሩ የሚቆረጥበት ከ630 ብር ወደ 420 ይወርዳል፤ 210 ብር እጁ ላይ ቀረ። አሠሪውም 330 ብር ተረፈው። አሁን ስድሳ ሲሞላው እንየው። የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ለ18 ዓመት 40 በመቶ ይመጣል። ከ9,000 ቢሆን 3,600 ብር ነበር። ከ6,000 ግን 2,400 ብር ነው። በየወሩ 1,200 ብር፣ ያውም ዕድሜ ልክ። ባለቤትና ልጆችም የሚያገኙት ከዚህችው ተሰልቶ ነው። ለሁለት መቶ ብር ብላችሁ እንዲህ ያለ ውል አትፈርሙ።

የሥራ መልቀቂያን ችላ ማለት። ለዘለቄታ አበል፣ ማለትም በየወሩ ዕድሜ ልክ ለሚከፈለው ጡረታ፣ ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ከዚያ በታች የሆነ ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። በተለያዩ ድርጅቶች፣ በመንግሥት ቤትም ጭምር፣ የተሠራው ዘመን ይደመራል። የሚደመረው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። አኩርፎ ከሥራ የወጣ ሰው ክሊራንስ ሳይጨርስ፣ የልምድ ወረቀት ሳይዝ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ባለቤቱ ተቀይሯል፣ ፋይሉም የለም።

የተሳሳተ ዕድሜና ስም። መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው የሚያዘው። በኋላ የሚመጣ የልደት ካርድ አይቀይረውም። በፈረንጅ የተጻፈ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተነብቦ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያዛባበት ፎርም አለና ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም መለያየትም እንዲሁ ያጉላላል። ጋብቻውም ሰማንያም ይሁን ቁርባን፣ የማስረጃ ወረቀቱ ይኑራችሁ። ሟች ከተቀበረ በኋላ ይህን ማሟላት ለሚስት መከራ ነው።

“ጡረታ ስላለህ የስንብት ክፍያ የለህም” ሲባል አምኖ መውጣት። ጡረታ መኖሩ የስንብት ክፍያን የሚያስቀረው ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ወይም ከሕግ ውጭ ስትባረሩ ክፍያው የራሱ መብት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ሰባት ዓመት የሠራ የ90 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ጣሪያው የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ነው። “ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ወረቀት አስፈርመዋችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው መተዉ ዋጋ የለውም።

በሽማግሌ እየተመላለሱ ጊዜ መጨረስ። ሽምግልናው ይሁን፣ እሰየው። ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ከሥራ መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክሱ አይሰማም። “ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር” እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ይሄው ነው። የሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትዘግዩ።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት። ከአሠሪው ጋር ያለ የደመወዝና የስንብት ጉዳይ በከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል። የጡረታ አበሉ ራሱ፣ ማለትም ይገባል ወይስ አይገባም፣ ስንት ዓመት ተያዘ፣ ስንት ብር ተወሰነ የሚለው ግን መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ አስተዳደሩ ይወስናል። ቅር ያለው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል። ከዚያ በላይ የሚኬደው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ሲባል ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ይህን ሳያውቅ መደበኛ ፍርድ ቤት የከሰሰ ሰው መዝገቡ በሥልጣን ምክንያት ይዘጋበታል፤ ያ ሁሉ ጊዜም ባከነ። ስለዚህ አስተዳደሩ በቃል “አይሆንም” ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ቀንና ቁጥር ያለው የጽሑፍ ውሳኔ ጠይቁ። ይግባኝ የሚባለው በዚያ ደብዳቤ ላይ ነው።