ከጅብ ጥላው ስር፦ የዱር እንጉዳይን በሚታዩ ምልክቶቹ እንዴት መለየት ይቻላል

ክረምት ሲገባ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ማሳ ዳር ወይም ኩይሳ አጠገብ ትናንት ያልነበረ ነጭ ጥላ ተዘርግቶ ይገኛል። በልጅነታችን «የጅብ ጥላ» እያልን በእግራችን የምንመታው ማለት ነው። ሰው እንጉዳይ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ቆቡ ላይ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። የቆቡን ቀለም ፀሐይ ያገረጣዋል፣ ላዩ ላይ የነበረውን ቅርፊት ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ማንነቱን የሚናገረው ከቆቡ ስርና ከአፈሩ ስር ያለው ነው።

እዚህ የማስረዳው መለየትን እንጂ መብላትን አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች እንደሚኖሩት ማጃንግሮች፣ የአካባቢውን እንጉዳይ ሲለቅም የኖረ ሰው በእጁ ይዞ ሳያየው ወደ ድስት የሚገባ የዱር እንጉዳይ ሊኖር አይገባም። መንካቱ ግን አያስፈራም፤ ገዳይ የሚባለው እንኳ የሚጎዳው ሲበላ ነው።

ይዘው የሚወጡት ቢላ፣ ቅርጫት፣ ጋዜጣና ማስታወሻ ደብተር ነው። ፌስታል አይሁን፤ ፌስታል ውስጥ እንጉዳይ ያልበዋል፣ ቤት ሲደርስም ላሽቆ ምልክቱ ይጠፋል።

ከመንቀልዎ በፊት

የበቀለው አፈር ላይ ነው፣ የበሰበሰ ግንድ ላይ፣ እበት ላይ ወይስ ኩይሳ ላይ? አጠገቡ ያለው ዛፍ ምንድን ነው? ይጻፉት። ከተገኘ ለጋውን፣ የተዘረጋውንና ያረጀውን ሦስቱንም ይውሰዱ፤ አንዱ ዓይነት እንጉዳይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት መልክ ይኖረዋል።

ቆፍረው ያውጡት

ብዙ ሰው አገዳውን ከአፈር በላይ በቢላ ይቆርጠዋል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ ንጹሕ ሆኖ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ደስ ይላል። ዋናው ማስረጃ ግን መሬት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ቢላውን ከአገዳው ሁለት ጣት ያህል አርቀው ይስደዱና ከነአፈሩ ፈንቅለው ያውጡት። ከዚያ አፈሩን በጣትዎ ቀስ እያሉ ያራግፉ። የአገዳው ግርጌ ከተሰበረ እንቁላል የወጣ ይመስል በስስ ከረጢት ተከቦ ከሆነ፣ ለማወቅ ያህል ምርመራውን ይቀጥሉ እንጂ የመብላቱን ሐሳብ ይተዉት። አማኒታ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋና ገዳዮች መለያ ይህ ከረጢት ነው።

እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ካገኙ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰንጥቁት። ውስጡ የአንዲት ትንሽ እንጉዳይ ምስል፣ ቆቧና አገዳዋ በእርሳስ የተነደፈ መስሎ ከታየ፣ ገና ያልተፈለፈለ አማኒታ ሊሆን ይችላል።

ገልብጠው ይዩት

ከቆቡ ስር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ስስ ሽንሽን ወይም እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ገጽ ነው። ሽንሽን ከሆነ ቀለሙንና ከአገዳው ጋር መያያዝ አለመያያዙን ይመዝግቡ። አገዳው ላይ ቀለበት ካለ ይመዝግቡት፤ ከሌለ ግን ወድቆም ሊሆን ስለሚችል ብዙ አይመኑ። የቆቡን ጠርዝ በጥፍር ይጫሩ፣ የአገዳውን ግርጌ ይቁረጡ። ወዲያው ደማቅ ቢጫ ሆኖ ቀለም ቀለም የሚሸት ከሆነ፣ ሱፐርማርኬት ከምንገዛው እንጉዳይ ጋር ዝምድና ቢኖረውም ሆድ የሚያውክ ዓይነት ነው።

አሻራውን ይውሰዱ

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። አገዳውን ቆርጠው ቆቡን ሽንሽኑ ወደ ታች ሆኖ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። አናቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርገው በብርጭቆ ይድፉበትና ይተኙ። ጠዋት ቆቡን ሲያነሱ እንደ ዱቄት የደቀቀው ስፖር፣ ማለትም የእንጉዳዩ ዘር፣ ረግፎ የሽንሽኑን መስመር አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ስሎት ይገኛል። ጥቁሩ ወረቀት የሚያስፈልገው ነጭ አሻራ በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። የአማኒታ አሻራ ነጭ ነው፤ ግጦሽ ላይ የሚበቅለው የሜዳ እንጉዳይ እንደ ቸኮላት ቡናማ ነው። በሞቃታማ አገሮች ሣር ላይ የሚወጣ፣ ትልቅ ነጭ ቆብ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያለው፣ ሲበላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያስመልስ እንጉዳይ ደግሞ አለ፤ አሻራው አረንጓዴ ስለሆነ ሌሊቱን ራሱን ያጋልጣል።

አሁን ወደ ኩይሳው እንመለስ። የምስጥ እንጉዳይ የቆቡ መሐል ሾጠጥ ያለ ነው፤ አሻራው ወደ ሮዝ ያደላል። ሲቆፍሩት አገዳው አያልቅም፤ እንደ ሥር እየቀጠነ ምስጦቹ ፈንገሱን ወደሚያለሙበት ጓዳ ይወርዳል። ግርጌው ላይ ከረጢት የለም። ሁሉም ተሟልቶ ካልተገኘ ኩይሳ ላይ መብቀሉ ብቻ አይበቃም።

ግርጌውንም አሻራውንም ማየት በተለይ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ይጠቅማል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአውሮፓ የገባው «የሞት ቆብ» ከኦክ ዛፍ ስር ይበቅላል፤ ቆቡ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሽንሽኑ ነጭ ነው፣ ቀለበትም ከረጢትም አለው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሄዱ ስደተኞች በአገራቸው ከሚበሉት የገለባ እንጉዳይ ጋር እያምታቱት ተመርዘዋል። ሁለቱም ከረጢት አላቸው፤ የገለባው አሻራ ሮዝ፣ የገዳዩ ነጭ ነው። በአገር ቤት ዓይን የባዕድ አገር እንጉዳይ አይለይም።

ከመርዛማ እንጉዳይ ጋር ሲቀቀል የብር ቀለበት ይጠቁራል፣ ነጭ ሽንኩርት ቀለሙን ይቀይራል፣ ትል ከበላው ለሰውም ይሆናል የሚባለውን አይስሙ። የሞት ቆብን ትልም ይበላዋል፤ መርዙን መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም።

ሰው በልቶ ከሆነ ሕመሙን አይጠብቁ። የሞት ቆብ ማስመለስና ተቅማጥ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፣ በዚያው ጊዜ ጉበቱ እየተጎዳ ነው። ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የተረፈውን እንጉዳይ፣ ከቆሻሻ ቅርጫት የወጣ ልጣጭም ቢሆን፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ለሐኪሙ ይስጡት።