አዲስ ሰፈር ስትሠሩ፦ ለርዕደ መሬቱም ለመንገዱም ከአፈሩ ጀምሩ

አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ልትሠሩ ቦታ ከተረከባችሁ፣ ሳይት ፕላኑ ላይ ብሎክ መደርደር ከመጀመራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የሕንፃው ሰው ለሕንፃው ብቻ ያስቆፍራል፣ የመንገዱ ሰው ደግሞ ቤቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ ያንኑ መሬት እንደ አዲስ ይቆፍራል። አፈሩ ግን አንድ ነው። በርዕደ መሬት ጊዜ ሕንፃውን የሚያወዛውዘውም፣ ዝናብ ሲመጣ አስፋልቱን የሚያሰምጠውም እሱ ነው። አንድ የምርመራ ፕሮግራም አውጡና ሁለቱንም በአንዴ ጨርሱ።

ለሕንፃዎቹ ቦርሆል (በማሽን የሚቆፈር ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ)፣ ለመንገዱ ደግሞ በመስመሩ ላይ ብዙም ጠለቅ ያላለ የሙከራ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ለርዕደ መሬት ዲዛይን ቁልፉ ቁጥር፣ ከላይ ባለው 30 ሜትር ውስጥ የሸር ሞገድ (መሬቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚያልፈው ሞገድ) በምን ያህል ፍጥነት ያልፋል የሚለው ነው። በዩሮኮድ 8 (የአውሮፓ የርዕደ መሬት ዲዛይን ደንብ) አመዳደብ፣ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ከሆነ ከሥር አለት አለ ማለት ነው። ከ180 በታች ከወረደ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ዲዛይኑም ይከብዳል። ቦርሆሉ 10 ሜትር ላይ ቆሞ «አፈሩ ጥሩ ነው» የሚል ሪፖርት ከመጣላችሁ፣ የቀረው 20 ሜትር በምን ታወቀ ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቆፈር ከላይ ሆኖ በመሣሪያ ሞገዱን መለካትም ይቻላል።

ለስላሳ አፈር ለምን ይፈራል? እ.ኤ.አ. መስከረም 1985 ሜክሲኮ ሲቲ የሆነውን እዩ። የርዕደ መሬቱ መነሻ ከከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። የከተማዋ ሰፊ ክፍል ግን የተሠራው ድሮ ሐይቅ በነበረ ጭቃ ላይ ነው፣ ጭቃው ደግሞ ንዝረቱን አጉልቶ በየ2 ሰከንዱ ገደማ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ክፉኛ የተመቱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። ሕንፃው አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ በሚፈጅበት ጊዜ ላይ አንድ ፎቅ በግምት 0.1 ሰከንድ ይጨምራል፤ ባለ 10 ፎቁ በራሱ በየ1 ሰከንዱ አካባቢ ይወዛወዛል፣ እየተሰነጠቀ ሲላላ ደግሞ ወደ አፈሩ ምት ይጠጋል፤ ሁለቱ ምቶች ሲገጥሙ ውዝዋዜው ይብሳል። ስለዚህ የፎቁን ቁጥር ከአፈሩ ውጤት በፊት አትቁረጡ።

የላላ አሸዋ ካለና የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ አሸዋው ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ጃፓን ኒጋታ ውስጥ የመኖሪያ አፓርታማዎች ግድግዳቸው ሳይፈርስ እንዳሉ ወደ ጎን ተኝተዋል።

ተዳፋት ቦታ ላይ ደግሞ ግማሹ በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ የሚያርፍ ቤት አታስቀምጡ። ሙሌቱ ይሰምጣል፣ የተቆረጠው አይሰምጥም፣ ቤቱ መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ምድር ቤቱን ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ ግድግዳ አልባ ካደረጋችሁት፣ መሐንዲሱ ሸር ዎል (የጎን ንዝረትን የሚቋቋም የኮንክሪት ግድግዳ) እንዲያስገባበት አስገድዱ። ሲናወጥ መጀመሪያ የሚታጠፈው ያ ወለል ነው።

ወደ መንገዱ ስንመጣ፣ የምትፈልጉት ቁጥር ሲቢአር (አፈሩ ጭነት የመሸከም አቅሙ የሚለካበት ቁጥር) ነው፤ ናሙናው 4 ቀን ውሃ ውስጥ ተነክሮ የተለካው እንጂ በደረቁ የተለካው አይደለም። ደረቅ ጥቁር አፈር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ግን ያብጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ አፈር ከሆነ ቆርጣችሁ አውጡና በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ ጥሩ አፈር) ተኩት፣ ወይም በኖራ አክሙት። ላዩ ላይ አስፋልት ማወፈር ብቻውን አያድነውም። ዲቹንም (የመንገድ ዳር የውሃ መውረጃውን) ከመንገዱ እኩል አስቡት፤ ውሃ ቤዝ ኮርሱ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንብርብር) ውስጥ ከተኛ መንገዱ አለቀለት።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር። የውሃ፣ የፍሳሽና የመብራት መስመር ሁሉ ከአስፋልቱ በፊት ይቀበር። ቱቦው ከገባ በኋላ ኤክስካቫተሩ አፈሩን አንዴ ገፍቶ ይሞላዋል፣ ባልዲውን ላዩ ላይ ደቅ ደቅ ያደርጋል፣ አለቀ ይባላል። ጥቂት ዝናብ ሲዘንብ መንገዱን የሚያቋርጥ ስርጉድ መስመር ይወጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠርዙ እየተፈረፈረ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየ15 እና 20 ሴንቲ ሜትሩ እየሞሉ፣ እያረጠቡ፣ እየጠቀጠቁ መሄድ። የሚቀጥለው ንብርብር ከመድረሱ በፊት ጥግግቱ በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት ቢያንስ 95 በመቶ መድረሱ ይለካ። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ በተለይ ሕንፃ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ፣ ትንሽ የሚላወስ ይሁን። መሬቱ ሲናወጥ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው፣ የሚፈሰው ውሃም የመንገዱን ሥር ይበላዋል።

ነዋሪ ሲገባ የሚመላለሰው የቤት መኪና መንገዱን ብዙም አይጎዳውም። የሚጨርሰው የግንባታው ገልባጭና የኮንክሪት ሚክሰር መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ የአንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የዲዛይኑ ትራፊክ ውስጥ የግንባታውን ጊዜ ቁጠሩ። ቤዝ ኮርሱንና የታችኛውን አስፋልት ቀድማችሁ አንጥፉ፣ የላይኛውን ንጣፍ ግን የመጨረሻው ሚክሰር እስኪወጣ አቆዩት።

ሰፈሩ ሁለት መውጫ ይኑረው። ከመንገዱ ዳር የሚቆመው ሪቴይኒንግ ዎልም (አፈር ደግፎ የሚይዘው ግንብ) ለርዕደ መሬት ይሰላ። ግንቡ ወድቆ አንዱን መውጫ ቢዘጋው፣ አምቡላንሱ በሌላው ይገባል።