አንድ ዲስክ አራት ጊዜ ሲቆጠር

ሰርቨሩ ያለው ዲስክ 100 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሰርቨሩን የምንከታተልበት ዳሽቦርድ ግን 400 ይላል። ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ ማስጠንቀቂያው አንዴ መጥቶ አይበቃውም። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት መልእክት ተከታትሎ ገብቶልኝ፣ አራት ዲስክ በአንዴ የሞላ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነስቻለሁ፤ ለካ የሞላው ያው አንዱ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚሮጠው የዲስክ ቦታን ወደሚያሳየው የሊኑክስ ትእዛዝ፣ ወደ ዲኤፍ (df) ነው። እዚያ ላይ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ሆኖ ይታያል፣ እናም ክትትሉ ተበላሽቷል ትላላችሁ። አልተበላሸም። ዲኤፍ የተደጋገመውን በራሱ ስለሚደብቅ ነው፤ የኤ (-a) አማራጩን ስትጨምሩበት ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ብዙ የክትትል ፕሮግራሞች ዲኤፍን አይጠይቁም፣ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የማውንት ዝርዝር፣ ማለትም የትኛው ዲስክ በየትኛው ፎልደር እንደተሰቀለ የሚያሳየውን፣ ቀጥታ ያነባሉ፤ እዚያ ደግሞ አንድ ዲስክ ማውንት በተደረገበት ቦታ ልክ መስመር አለው።

ምክንያቱን ለማግኘት ፋይንድማውንት (findmnt) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ከዲስኩ ስም ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የፎልደር ስም ካያችሁ፣ ለምሳሌ /ዴቭ/ኤስዲኤ1[/ዳታ/ሎግ]፣ ያ አዲስ ዲስክ አይደለም። ወይ ባይንድ ማውንት ነው (ያው ፎልደር ሌላ ቦታም እንዲታይ የተደረገ)፣ ወይ ቢቲአርኤፍኤስ (btrfs) የሚባለው ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ዲስክ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ሥርዓት፣ ንዑስ ክፍል።

ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ክፍሎች ለይቶ የሚያሠራው ዶከር ካለ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። እያንዳንዱ የሚሠራ ኮንቴይነር ኦቨርሌይ የሚባል የራሱ ፋይል ሲስተም አለው፣ መጠኑን ሲጠየቅ ግን የሚናገረው ከስር የተቀመጠበትን ዲስክ መጠን ነው። እነዚህን ዲኤፍም አይደብቃቸውም። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ የምታዩዋቸው የስናፕ (የፕሮግራም ጥቅል) መስመሮች ግን ድግም አይደሉም፤ የሚነበቡ እንጂ የማይጻፍባቸው ስለሆኑ ሁሌም 100 ፐርሰንት ይላሉ፣ ከቆጠራው ዝም ብሎ ማስወጣት ነው።

ወደ መፍትሄው እንሂድ። መጠናቸው እኩል የሆኑትን እንደ አንድ መቁጠር አያዋጣም፤ ሰርቨሩ ላይ ሁለት እኩል 500 ጊጋባይት ዲስኮች ካሉ አንዱን ትውጡታላችሁ። በማውንት ቦታ መለየትም አይመከርም፤ ዛሬ ያስወጣችሁት ፎልደር ላይ ነገ አንድ ሰው እውነተኛ ዲስክ ይሰቅልበትና ማንም ሳያይ ይሞላል።

የሚሠራው በፋይል ሲስተም ዓይነት አጣርቶ በዲስክ ስም መቁጠር ነው። ኦቨርሌይን፣ ስኳሽኤፍኤስን (የስናፕ መስመሮቹ ዓይነት) እና ቲኤምፒኤፍኤስን (ዲስክ ላይ ሳይሆን ሜሞሪ ላይ ያለውን) መጀመሪያ አስወጡ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የቲኤምፒኤፍኤስ ስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስለሆነ ሳታስወጡት በስም ብትሰበስቡ የማይገናኙ ነገሮች ይቀላቀላሉ። የምትከታተሉት በፕሮሜቲየስ ፕሮግራም ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰርቨርና ዲስክ መጀመሪያ ማክስ (ትልቁን ቁጥር) ውሰዱ፣ ድምሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሲስተሙ ለዲስክ በሚሰጠው መለያ ቁጥር ለመለየት የምታስቡ፣ ቢቲአርኤፍኤስ ለየንዑስ ክፍሉ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ እዚያ ላይ ትወድቃላችሁ፤ ስሙን ተጠቀሙ።

በመጨረሻ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ የዲስኮቹን ትክክለኛ መጠን ከዳሽቦርዱ ድምር ጋር አስተያዩ። ፋይል ሲስተሙ ለራሱ ትንሽ ስለሚይዝ ዳሽቦርዱ ቢያንስ ችግር የለውም። ከበለጠ ግን፣ የኔትወርክ ዲስክ ከሌላችሁ በቀር፣ አንድ የቀረ ድግም አለ።