ለአናሳ ማኅበረሰብ ወጣቶች ንቃተ ሕግ ሲሰጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ የንቃተ ሕግ ሥልጠና ስንት ሰው ተገኘ በሚል ይለካል። ወጣቱ ግን ትምህርቱን የሚፈልገው ፖሊስ ሲያስቆመው፣ መታወቂያ ሲከለከል ወይም ከትምህርት ቤት ሲባረር ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህ ሲዘነጋ ነው።

በአንቀጽ ቁጥር መጀመር

አሠልጣኙ እ.ኤ.አ. በ1966 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውን ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ከፍቶ አንቀጽ 27ን ያነባል። አንቀጹ አናሳዎች በባህላቸው፣ በሃይማኖታቸውና በቋንቋቸው የመጠቀም መብታቸው እንዳይነፈግ ይደነግጋል። ድንጋጌው ጥሩ ነው፤ ወጣቱ ነገ ቢሮ ሲሄድ ምን እንደሚል ግን አይነግረውም። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ወጣቶቹ መጀመሪያ የሚገጥማቸውን ችግር የሰው ስም ሳይጠቅሱ በወረቀት ይጻፉ፣ ሕጉ ከዚያ ይምጣ። በ90 ደቂቃ ከሁለት ጉዳይ በላይ መያዝ የልምምዱን ጊዜ ይበላል።

መብቱን ነግሮ መንገዱን አለማሳየት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። «አድልዎ ክልክል ነው» የተባለ ወጣት ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ማስረጃ አቤት እንደሚል ካላወቀ ትርፉ ብስጭት ብቻ ነው። የይግባኝ ጊዜ ያለፈበት ሰው እውነት ቢኖረውም ብዙ ጊዜ አይደመጥም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፦ አቤቱታውን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት፣ የጊዜ ገደቡ፣ ክፍያ ካለ መጠኑ፣ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ እምቢ ከተባለ ቀጥሎ የሚኬድበት ቦታ። ገደቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከሌላ አገር ማኑዋል መገልበጥ አደጋ አለው።

ማስታወሻ አያያዝም እዚሁ ይለመድ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሹሙ ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች፤ ሁሉም በዚያው ቀን ይጻፋል። አቤቱታ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፣ ሌላው የደረሰበት ቀንና ማኅተም አርፎበት ለባለጉዳዩ ይመለሳል። ዋናው ማስረጃ ከእጅ አይወጣም፣ የሚሰጠው ኮፒው ነው። በቃል የተከለከለ ደግሞ «ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ» ይበል። ይግባኝ የሚባለው በአብዛኛው በጽሑፍ ውሳኔ ላይ ነው።

መብትን ከጭቅጭቅ ጋር ማምታታት

ወጣቱ ከሥልጠና ወጥቶ መንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር ሕግ ቢከራከር የሚጎዳው እሱ ነው፤ ቀድሞም በጥርጣሬ የሚታይ ከሆነ ይብስበታል። እጅን በሚታይ ቦታ ማድረግ፣ አለመሮጥ፣ በፍተሻው ካልተስማማ በቃል ተናግሮ በጉልበት አለመከላከል፣ ክርክሩን ለዳኛ ማቆየት፤ ይህን በልምምድ ያጥናው። ሦስት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዝ፦ «የተያዝኩበት ምክንያት ይነገረኝ»፣ «ጠበቃ ማማከር እፈልጋለሁ»፣ «አስተርጓሚ ይመደብልኝ»። የመጀመሪያው በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 9 ላይ አለ። ተከሳሽ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ነጻ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ ጥፋቱን እንዲያምን እንዳይገደድም አንቀጽ 14 ይደነግጋል። ያልገባው ጽሑፍ ላይ አይፈርም። ከ18 ዓመት በታች ላሉት እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 37 ይጨመር፤ እስር የመጨረሻ አማራጭና ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆን አለበት ይላል።

በልምምዱ የፖሊስን ሚና አሠልጣኙ ይጫወት። ከዚህ በፊት ድብደባ የደረሰበት ወጣት የተያዘውን ሰው ሆኖ እንዲጫወት አይገፋ፤ ተቀምጦ ቢያይም ይማራል።

ቋንቋውን በአንድ ወገን መምረጥ

በብዙኃኑ ቋንቋ ብቻ ማስተማር ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ገበያ ላይ የሚግባባ ሁሉ የችሎት ቋንቋ አይገባውም። ግን በአፍ መፍቻ ብቻ ማስተማርም ችግር አለው። ወጣቱ ችሎት ላይ የሚሰማው «ክስ»፣ «ዋስትና»፣ «ቀጠሮ» የሚሉትን በችሎቱ ቋንቋ ነው። ሐሳቡ በራሱ ቋንቋ ይብራራ፣ እነዚህ ቃላት ግን በሁለቱም ይጠኑ።

የግል ጉዳይን በጉባኤ መፍታት

አንዱ ተነስቶ ገና በፍርድ ቤት ያለ ጉዳዩን ቢዘረዝር፣ የተናገረው ነገ በእሱ ላይ ሊመሰከርበት ይችላል። አሠልጣኝ ጠበቃ ካልሆነ የጠበቃ ዓይነት የምስጢር ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በመጀመሪያው ደቂቃ «እዚህ አጠቃላይ መረጃ እንጂ የግል ምክር አንሰጥም» ይባል። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቦታዎች አድራሻም ተረጋግጦ ይታደል፤ የተዘጋ ቢሮ ጠቁሞ መላክ እምነት ያሳጣል።

በዕለቱ ጥያቄ መለካት

በሥልጠናው ማብቂያ የሚሰጥ ፈተና የሚያሳየው ትኩስ ትውስታን ነው። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ጉዳይ ተሰጥቶት ወጣቱ ብቻውን አንድ ገጽ አቤቱታ ይጻፍ። ቀኑ፣ ተቀባዩ፣ የሆነው ነገርና የሚጠይቀው መፍትሔ ተለይተው ይገኙበት እንደሆነ ይታይ። በብዛት የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፦ በደሉን በሰፊው ጽፈው የሚፈልጉትን ሳይጠይቁ ይፈርማሉ።