በብርድ ወራት፣ በተራራ ከተማ የወይን ቅምሻ ለማዘጋጀት

እንግዶች ከበረዶው ገና እንደገቡ አፍንጫቸው ደንዝዟል፤ ምርጡን ወይን ብታቀርቡላቸውም መዓዛው እምብዛም አይደርሳቸውም። ስለዚህ ጠርሙስ ለመክፈት አትቸኩሉ። ካፖርታቸውን ከመቅመሻው ጠረጴዛ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉላቸው፤ እርጥብ ሱፍና ሽቶ አንድ ላይ ሲሆኑ ወይኑን ይሸፍኑታል። ሩብ ሰዓት ያህል ይሙቁ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ይጨዋወቱ። ቡና ግን ከቅምሻው በኋላ ይድረስ፤ ምሬቱ ከምላስ ቶሎ አይለቅም።

እኔ ወይን ስቀዳ ከሁሉ በላይ የምጨቃጨቀው ስለ ሙቀት ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው ቤቶች እንደ ዛሬው ሳይሞቁ በፊት የመጣ ምክር ነው። ማሞቂያው 23 ዲግሪ ባደረሰው ሱቅ ውስጥ የቆመ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬው ይጠፋል። ከቀዝቃዛ መጋዘን በቀጥታ የመጣው ደግሞ መዓዛውን ቆልፎ ምላስን ያኮማትራል። ከባድ ቀይ ከ16 እስከ 18፣ ቀለል ያለ ቀይ ከ12 እስከ 14፣ ነጭ ከ8 እስከ 12፣ አረፋ ያለው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠርሙስን ምድጃ አጠገብ ማቆም ግን አይሆንም፤ አንዱ ጎኑ ሲግል ሌላው ቀዝቃዛ ይቀራል።

ይህን የማያምን እንግዳ ሁልጊዜ አይጠፋም። ለእሱ አንዱን ቀይ ወይን በሁለት ብርጭቆ ቅዱለት። አንደኛው ከቅዝቃዜ የወጣ ይሁን፤ ሁለተኛውን የብርጭቆውን ሆድ በሁለት መዳፉ አቅፎ ጥቂት ደቂቃ ይያዘው። ከዚያ ተራ በተራ ያሽት። ብዙዎቹ ሁለት የተለያዩ ወይኖች የቀዳሁላቸው ይመስላቸዋል፤ ጠርሙሱን ሳሳያቸው ይስቃሉ።

ነጩን ለማቀዝቀዝ በረዶው ደጅ ላይ አለ። ሆኖም ጠርሙስን ደረቅ በረዶ ውስጥ ቀብሮ መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል፤ በረዶው በመካከሉ የያዘው አየር ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። ባልዲ ውስጥ ከውሃ ጋር ቀላቅሉት፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበት፤ ፈጠን ይላል። ሌሊቱን ውጭ ወይም መኪና ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ግን ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጋት ይጀምርና ቡሹን ይገፋል።

አረፋ ያለው ወይን በውስጡ እስከ 6 የከባቢ አየር ግፊት ሊይዝ ይችላል። በከፍታ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ቡሹ ትንሽ ይቸኩላል፤ ከከፍታው ይልቅ ግን የሚያስፈራኝ በጠመዝማዛው መንገድ ሲናጥ የመጣ ጠርሙስ ነው። አንድ ቀን አሳርፉት፣ በደንብ አቀዝቅዙት፤ ሽቦው ከተፈታ በኋላ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሳ። ቡሹን ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩ።

የቅደም ተከተሉ ነገር ብዙ አያጨቃጭቅም፦ አረፋ ያለው፣ ደረቅ (ማለትም የማይጣፍጥ) ነጭ፣ ቀላል ቀይ፣ ከባድ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ። ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከአንድ ባለ 750 ጠርሙስ 15 ሰው ይቀምሳል። ስድስት ዓይነት ከቀረበ ግን 300 ሚሊ ሊትር ይሆናልና መትፊያ ዕቃ በየጠረጴዛው ይኑር። መትፋት ነውር እንዳልሆነ እናንተው ቀድማችሁ በመትፋት አሳዩ፤ በበረዷማው ቁልቁለት መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ምንም ባይውጥ ይሻለዋል። አልኮል ያሞቃል ማለትም ማታለያ ነው፦ ደም ወደ ቆዳ ሲወጣ ሙቀት ይሰማል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን እያጣ ነው።

በቅመም የሚፈላ ወይን የሚጠይቅ አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። አልኮል በባሕር ወለል በ78 ዲግሪ፣ በተራራ ላይ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላልና እንፋሎት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። ድስቱን የምትጥዱት ግን የመጨረሻው ጠርሙስ ተቀምሶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ቤቱን አንዴ ከሞሉት ሌላ ምንም ማሽተት አይቻልም።